በዶላር እየተከፈለኝ በየወሩ የሚጎድለው ገንዘብ የት ይሄዳል?

መስመር ሠሪዋ | ሰኞ፣ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። የግራፊክስ ዲዛይነር ነኝ። ደንበኛዬ ውጭ አገር ነው፤ በዶላር ይከፍለኛል። የቤት ኪራይ፣ የልጄ ትምህርት ቤት፣ ሌላውም ወጪ ሁሉ ግን በምኖርበት አገር ገንዘብ ነው።

ውሉን ስፈርም ደስ ብሎኝ ነበር። በወር 2,000 ዶላር፣ ለአንድ ዓመት። ስሌቱ ለሁሉም እንዲቀል የአገሬን ገንዘብ ስም ልተወውና፣ ያኔ አንድ ዶላር 100 ነበር እንበል። 200,000 ይገባልኛል ብዬ ወጪዬን በዚያው ልክ ደለደልኩ።

ባለፈው ሳምንት የገባልኝ 181,300 ነው። 18,700 ጎደለ! ሥራው ያው፣ ሰዓቱ ያው፣ ዶላሩ ያው። የአገራችን ገንዘብ እየጠነከረ ነው ይላሉ፣ ዜናው እንኳን ደስ አላችሁ ይላል። እኔ ግን እየደኸየሁ ነው።

ምንዛሪውን በቀን አሥር ጊዜ አያለሁ። እንቅልፍ አጣሁ። ዶላሩን ሳልመነዝር ይዤ ልጠብቅ? ወይስ ውሉን ልተወው? ያጋጠማችሁ ካላችሁ እንዴት ቻላችሁት?


ነፋስ አመጣሽ | ሰኞ፣ ማታ 2:52

በቀን አሥር ጊዜ ብቻ? ገና ጀማሪ ነሽ።


ሁለት ኪስ | ሰኞ፣ ማታ 3:05

አይዞሽ እህቴ። እኔ የምከፈለው በዩሮ ነው፤ በሽታው አንድ ነው። ምክሬ አጭር ናት፦ አትመንዝሪ። ያዢው። የወረደ ነገር ይወጣል።


ቁጥር አይዋሽም | ሰኞ፣ ማታ 3:31

"የወረደ ይወጣል" ላይ በኋላ እመለሳለሁ። መጀመሪያ መስመር ሠሪዋን ልጠይቅ። ኢንቮይሱን (የክፍያ መጠየቂያውን) የላክሽ ቀን ምንዛሪው ስንት ነበር? ገንዘቡ የገባ ቀንስ? በመካከሉ ስንት ቀን አለፈ? ባንክሽ በስንት መነዘረልሽ? ከ2,000ው ዶላር ውስጥስ እጅሽ የደረሰው ስንቱ ነው?

ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የባንክሽን ሰሌዳ አትዪ። የመሃል ዋጋውን እዪ። በመግዣና በመሸጫ መካከል ያለውን ማለቴ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ የገንዘቦቹን ስም ስትጽፊ የሚመጣልሽ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። 18,700 ሙሉ በሙሉ አንድ ጉድጓድ ውስጥ የገባ አይመስለኝም።


መስመር ሠሪዋ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:10

ወረቀቶቼን ሳገላብጥ አመሸሁ። ይኸው፦

ኢንቮይስ የላክሁ ቀን 97 ነበር። ገንዘቡ የገባ ቀን 95.5። በመካከሉ 45 ቀን አለፈ። ባንኬ የመነዘረልኝ በ92.5 ነው። የደረሰኝ ደግሞ 1,960 ዶላር ነው። 25ቱን መንገድ ላይ ያለ የማላውቀው ባንክ ቆርጦታል፤ 15ቱን የራሴው ባንክ ለማስተናገጃ ብሎ ወስዷል።

እውነቱን ልናገር፣ 2,000ው ሙሉ እንዳልደረሰኝ ያወቅሁት ትናንት ማታ ነው። ስምንት ወር ሙሉ አላየሁትም።


ቁጥር አይዋሽም | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 7:20

አሁን ጉድጓዶቹን እንቁጠር።

ከፈረምሽበት ቀን ኢንቮይስ እስከላክሽበት ቀን ድረስ ዶላሩ ከ100 ወደ 97 ወረደ። በ2,000 ዶላር ላይ 6,000 ጎደለ ማለት ነው። ከዚያ ደንበኛሽ 45 ቀን ሲያንቀላፋ ወደ 95.5 ወረደ፤ ሌላ 3,000። ድምሩ 9,000። ገበያው የወሰደብሽ ይሄን ብቻ ነው።

መንገድ ላይ የቀሩት 40 ዶላሮች በ95.5 ሲባዙ 3,820 ናቸው። ባንክሽ ደግሞ የመሃል ዋጋው 95.5 በሆነበት ቀን ዶላርሽን በ92.5 ገዛው። በእያንዳንዱ ዶላር 3 ቀረብሽ፤ በ1,960 ሲባዛ 5,880። ሁለቱ አንድ ላይ 9,700።

9,000 እና 9,700፣ በድምሩ 18,700። አንድም አልጎደለም።

እንግዲህ ከግማሽ በላዩ ከምንዛሪ መውረድ ጋር ምንም አያገናኘውም። ዶላሩ ነገ 110 ቢገባም ይቆረጥ ነበር። እንዲያውም ያኔ የምታዪው የወጣውን ስለሆነ አታማርሪም። በዓመት ሲባዛ 116,400 ይሆናል፤ ከግማሽ ወር ገቢሽ ይበልጣል።


ነፋስ አመጣሽ | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 7:34

ሌባው ቤት ውስጥ ነበር በለና።


መስመር ሠሪዋ | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8:02

ደነገጥኩ። የባንኩ ማስታወቂያ ላይ እኮ "ለምንዛሪ ኮሚሽን የለም" የሚል በትልቁ ተጽፏል።


ገበያ ታዛቢ | ማክሰኞ፣ ማታ 1:15

"ኮሚሽን የለም" ማለት "ትርፌን ዋጋው ውስጥ አስቀምጬዋለሁ" ማለት ነው። ውሸት አይደለም፤ ግን እውነቱ ግማሽ ነው። ባንክ ቤት የውጭ ምንዛሪ ክፍል ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁና ከጓዳ በኩል ያለውን ልንገራችሁ።

የውጭ ምንዛሪ ገበያ ግዙፍ ነው። የዓለም አቀፍ ክፍያዎች ባንክ በ2022 ባደረገው ቆጠራ በቀን 7.5 ትሪሊዮን ዶላር ይገላበጥ ነበር። ትላልቆቹ ባንኮች እርስ በርስ ዶላርና ዩሮ ሲለዋወጡ የመግዣና የመሸጫው ልዩነት በዓይን የማይታይ ቀጭን ነገር ነው። ደንበኛ ዘንድ ሲደርስ ነው የሚወፍረው። ትልቅ ኩባንያ ስልክ ደውሎ ይከራከራል፣ ሌላ ባንክም ይጠይቃል። ግለሰብ ግን የተለጠፈውን ይቀበላል። የምንዛሪ ክፍል ጥሩ ትርፍ የሚያገኘው ከማይጠይቀው ሰው ነው።

ስለዚህ መጠየቅ ነው። "በየወሩ ይሄን ያህል ይገባልኛል፣ የተሻለ ዋጋ ስጡኝ" ብለሽ ቅርንጫፉን አነጋግሪ። እምቢ ካሉ ሌላ አለ። የመሃል ዋጋውን አሳይተው ክፍያቸውን ለብቻው የሚጽፉ የገንዘብ ማስተላለፊያ አገልግሎቶችን ሕጉ በሚፈቅድልሽ አገር ማወዳደር ትችያለሽ። ስታወዳድሪ ማስታወቂያውን ተዪው። አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ "2,000 ዶላር ቢላክልኝ ዛሬ በእጄ ስንት ይገባል?" አንቺ በእጅሽ የገባው በዕለቱ የመሃል ዋጋ ከሚያወጣው ከ191,000 በ9,700 ያንሳል። 5 በመቶ ገደማ ከፍለሻል። በጣም ውድ ነው።

መንገድ ላይ ስለቀረችው 25 ዶላር ደግሞ። በስዊፍት፣ ባንኮች የክፍያ መልእክት በሚለዋወጡበት መረብ፣ የሚላክ ገንዘብ ሁልጊዜ በቀጥታ አይሄድም። የላኪው ባንክና ያንቺ ባንክ እርስ በርስ ሒሳብ ከሌላቸው መሃል ላይ ሌላ ባንክ ይገባል፤ እሱም ድርሻውን ከገንዘቡ ላይ ይቆርጣል። ላኪው ቅጹን ሲሞላ ሦስት ምርጫ አለው። አንዱ "አወር" ይባላል፤ ወጪውን ሁሉ ላኪ ይችላል። "ሻ" ሲሆን ይካፈላሉ። "ቤን" ሲሆን ሁሉም ከተቀባዩ ይቆረጣል። ደንበኛሽ ሳያስብበት "ሻ" ላይ ትቶት ይሆናል። ኢንቮይሱ ግርጌ ላይ "የማስተላለፊያ ወጪ በላኪ፣ አወር" ብለሽ አንድ መስመር ጨምሪ። ብዙዎቹ አይከራከሩም፤ 25 ዶላር ለእነሱ ምንም አይደለም።


የሰነድ ተርጓሚ | ማክሰኞ፣ ማታ 1:48

የሁለት ወሩን አንድ ላይ ብታስልክስ? 40 ዶላር ከ2,000 ላይ 2 በመቶ ነው፤ ከ4,000 ላይ ግን 1 በመቶ።


ገበያ ታዛቢ | ማክሰኞ፣ ማታ 1:55

ይቻላል፤ ግን አንዱን ሲደፍኑ ሌላው ይከፈታል። የመጀመሪያው ወር ገንዘብ አንድ ወር ሙሉ ለምንዛሪ ተጋልጦ ይቀመጣል። ደንበኛውም ቢጠፋ የሁለት ወር ይዞ ይጠፋል። ደግሞም መቶኛው የሚያንሰው ለቋሚው ክፍያ ብቻ ነው። በዋጋው ውስጥ የተደበቀችው 3 በመቶ ገንዘቡ ሲበዛ አብራ ትበዛለች።


ሁለት ኪስ | ማክሰኞ፣ ማታ 2:20

እሺ ባንኩን ተረዳን። ግን 9,000ው ትንሽ ነው እንዴ? እኔ አሁንም ያዢው ባይ ነኝ። በ2022 ዩሮ ሲወርድ ሁሉም እየተንጫጫ መነዘረ፤ እኔ ቁጭ አልኩ። መጣልኝ!


ቁጥር አይዋሽም | ማክሰኞ፣ ማታ 2:47

ጥሩ ምሳሌ አመጣህልኝ። በ2022 መጀመሪያ ዩሮ 1.13 ዶላር አካባቢ ነበር። ሐምሌ ላይ ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዶላር ጋር እኩል ሆነ። መስከረም መጨረሻ ላይ ወደ 0.96 ወረደ። በ2023 ሐምሌ እንደገና 1.12ን ነክቷል። (ወራቱ በፈረንጆቹ ናቸው።) ስለዚህ ልክ ነህ፣ መጣልህ።

ግን ልጠይቅህ። በእነዚያ ወራት ኪራይህን በምን ከፈልክ?


ሁለት ኪስ | ማክሰኞ፣ ማታ 2:53

ከባለቤቴ ደመወዝ። እሷ የምትከፈለው በአገር ውስጥ ገንዘብ ነው።


ቁጥር አይዋሽም | ማክሰኞ፣ ማታ 3:01

በቃ! አንተ የጠበቅኸው ሌላ ኪስ ስለነበረህ ነው። ስምህም ላይ አለ። መስመር ሠሪዋ አንድ ኪስ ነው ያላት። ኪራይ በወሩ መጨረሻ ይጠየቃል፤ ዩሮ እስኪያገግም አሥር ወር አይጠብቅም። ስትጠብቅ ከርማ ሲቸግራት በዝቅተኛው ዋጋ መመንዘሯ አይቀርም።

ሁሉም የወረደ በአሥር ወር አይመለስም ደግሞ። በፈረንጆቹ ሰኔ 2016 እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ በሰጠችበት ሌሊት ፓውንድ ከ1.50 ዶላር አካባቢ በሰዓታት ውስጥ ከ1.33 በታች ወረደ። ከ1985 ወዲህ ያልታየ ዋጋ ነበር። "1.50 ሲመለስ እመነዝራለሁ" ያለ ሰው ዓመታት አለፉት። ላም አለኝ በሰማይ ነው ነገሩ።

የያዝሽው ዶላር ለወር ወጪ የማትፈልጊው ከሆነ ቁጠባ ነው፤ ያዢው። ለኪራይ የሚሆን ዶላር ይዞ መጠበቅ ግን ውርርድ ነው።


ሌሊት ሠራተኛ | ረቡዕ፣ ጠዋት 1:12

ክሩን አሁን ነው ያነበብኩት። የኔ ችግር የተገላቢጦሽ ነው፤ የአገሬ ገንዘብ ነው የሚወርደው። ሰዎች "አንተማ በዶላር ነህ፣ ተመቸህ" ይሉኛል። አንድ ዓመት ሙሉ እኔም አመንኳቸው። ዶላሩ በ10 በመቶ ወጥቶልኝ ነበር። በዚያው ዓመት ግን የምገዛው ነገር ሁሉ 20 በመቶ ጨመረ። ደብተሬ ላይ ትርፍ ነበር፣ ኑሮዬ ላይ ኪሳራ። አስልቼ ሳየው በዚያው ዶላር የምገዛው ከ8 በመቶ በላይ ቀንሷል። ምንዛሪውን ብቻ የሚያይ ሰው ይሄን አያየውም።

ያዳነኝ አንድ ልማድ ነው፤ "የበጀት ምንዛሪ" እለዋለሁ። ገበያው ላይ ያለውን ሳይሆን ከዚያ ዝቅ ያለ ዋጋ እመርጥና የቤት ወጪዬን በእሱ አወጣለሁ። መስመር ሠሪዋ ዛሬ 95.5 ከሆነ፣ በ90 ነው የተከፈልኩት ብለሽ ኑሪ። ከዚያ በላይ የገባው ለብቻው ሒሳብ ውስጥ ይቀመጥ፤ አይነካ። ከ90 በታች የወረደ ወር ከዚያ ትሞያለሽ። መጀመሪያ ላይ ደመወዝሽን የቀነሱብሽ ያህል ይከፋል። ሁለት ሦስት ወር ነው። ከዚያ ምንዛሪውን በወር አንዴ ማየት ትጀምሪያለሽ።

የበጀት ምንዛሪዬን በዓመት ሁለቴ ብቻ ነው የምቀይረው። ዋጋው ሲወጣ ቶሎ ከፍ ማድረግ ያምራል። እዚያ ላይ ነው የሚሳሳቱት።


መስመር ሠሪዋ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:30

በ90 ልኑር ካልኩ ከወጪዬ የሆነ ነገር መውጣት አለበት። ግን ገባኝ። ውሉን ስፈርም በ100 መደልደሌ ነው ጥፋቴ። በዚያን ቀን ዋጋ ሙሉ ዓመት አቀድኩ።


ጡረተኛው | ረቡዕ፣ ከሰዓት 9:05

ልጆቼ፣ ሽማግሌም ይናገር እንጂ። ሃያ ዓመት በባዕድ አገር፣ በባዕድ ገንዘብ ስከፈል ኖሬያለሁ።

ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ "ገንዘቤን በተለያየ ዓይነት ይዣለሁ፣ አልጎዳም" የሚል ወዳጅ ነበረኝ። ዶላር አለው፣ የሳዑዲ ሪያል አለው፣ የኤምሬትስ ድርሃም አለው። ሦስት ገንዘብ ይመስላል። ሪያሉ ግን በፈረንጆቹ ከ1986 ጀምሮ በ3.75 ከዶላር ጋር ታስሯል። ድርሃሙም ከ1997 ጀምሮ በ3.6725 እንደታሰረ ነው። ዶላር ሲወርድ ሦስቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ወረዱበት። ልብሱ ሦስት፣ ሰውየው አንድ።

ሁለተኛው ስለ ብድር ነው። የስዊዝ ማዕከላዊ ባንክ በፈረንጆቹ ከመስከረም 2011 ጀምሮ "አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች አይሆንም" ብሎ ያዘው። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሰው ሁሉ ተማመነበት። በጃንዋሪ 15፣ 2015 በድንገት ተወው። ፍራንኩ በዚያው ቀን በደቂቃዎች ውስጥ ተተኮሰ፤ ዩሮ ከአንድ ፍራንክ በታች ወረደ። በፖላንድ በራሳቸው ገንዘብ እየተከፈሉ ለቤት የፍራንክ ብድር የወሰዱ ብዙ ቤተሰቦች ነበሩ። ወለዱ ዝቅ ስላለ ነበር የወሰዱት። ጠዋት ሲነሡ ዕዳቸው አብጦ ጠበቃቸው።

ሴትዮዋ ልጄ፣ አንቺ ብድር ካለሽ በየትኛው ገንዘብ ነው?


መስመር ሠሪዋ | ረቡዕ፣ ማታ 12:40

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ብድር የለኝም። ላፕቶፕ በዱቤ በዶላር ልገዛ አስቤ ነበር። እሱስ ጥሩ አይደለም ማለት ነው?


ጡረተኛው | ረቡዕ፣ ማታ 1:00

እሱማ ላንቺ ደህና ነው። ገቢሽ ዶላር፣ ዕዳሽም ዶላር። ዶላሩ ሲወርድ ዕዳውም አብሮ ይቀልልሻል። እኔ የምፈራው ገቢና ዕዳ ሲለያዩ ነው።


ሌሊት ሠራተኛ | ረቡዕ፣ ማታ 1:22

ከጋሼ ላይ ልቀጥል። በዶላር የሚከፈል ወጪ ካለሽ ዶላሩን አትመንዝሪው። የዲዛይን ሶፍትዌር ኪራይ፣ የዌብሳይት ማስቀመጫ፣ እንዲህ ያለው። ብዙ ሰው ደመወዙን ወደ አገር ገንዘብ መንዝሮ በካርዱ መልሶ ዶላር ይገዛል። ሲሸጥ 3 በመቶ፣ ሲገዛ ሌላ 3 በመቶ። የራሱን ዶላር ሁለቴ ነው የሚከፍልበት።

ውጭ አገር ስትገዢ ወይም ገንዘብ ስታወጪ ማሽኑ "በአገርዎ ገንዘብ ይከፈል?" ካለሽ ደግሞ እምቢ በይ። ቸር መስሎ ነው የሚጠይቀው። እሺ ካልሽ ምንዛሪውን የሚወስነው የነጋዴው ወገን ነው፤ ብዙ ጊዜም ውድ ነው።


ክሪፕቶ ልጅ | ረቡዕ፣ ማታ 1:40

ለምን ትሠቃያላችሁ? በስቴብልኮይን፣ ዋጋው ከአንድ ገንዘብ ጋር በታሰረ ዲጂታል ሳንቲም፣ ተቀበሉ። ባንክ የለ፣ ምንዛሪ የለ።


ገበያ ታዛቢ | ረቡዕ፣ ማታ 1:58

ወንድሜ፣ ስቴብልኮይኑ የታሰረው ከምን ጋር ነው? ከዶላር። ታዲያ ዶላሩ ሲወርድ የት ይሄዳል? ማስተላለፊያውን ያረክሰው ይሆናል፣ ያ አንድ ነገር ነው። የምንዛሪውን አደጋ ግን አይነካውም። ሌላ አደጋም ይጨምራል። በማርች 2023 የአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ሲወድቅ ዩኤስዲሲ የተባለው ስቴብልኮይን ከመጠባበቂያው 3.3 ቢሊዮን ዶላር እዚያ ስለነበረው ለቀናት ከአንድ ዶላር በታች ወርዶ ነበር፤ 90 ሳንቲም እንኳ ያልሞላበት ሰዓት ነበር። በሜይ 2022 ቴራ ዩኤስዲ የተባለው ሌላው ደግሞ ጭራሽ ተንኖ ቀርቷል። በአንዳንድ አገር መቀበሉም በሕግ ያስጠይቃል።


ነፋስ አመጣሽ | ረቡዕ፣ ማታ 2:03

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።


የሰነድ ተርጓሚ | ሐሙስ፣ ጠዋት 4:15

ማንም ስለ ውሉ አላነሳም። እኔ ከተቃጠልኩ በኋላ የተማርኩት ነው፤ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ለደንበኛዬ "ምንዛሪው እየጎዳኝ ነው፣ ጨምርልኝ" ብዬ ጻፍኩ። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ "ሲወጣልህ ትቀንስልን ነበር?" ዝም አልኩ። እውነቱን ነው እኮ።

በሚቀጥለው ውል ላይ ወደ ሁለቱም የሚሠራ አንቀጽ ይዤ ሄድኩ። መነሻ ምንዛሪ እንጽፋለን። ከዚያ በ5 በመቶ ውስጥ ወደ ላይም ወደ ታችም ቢሄድ ማንም አይጠይቅም። ከ5 ካለፈ፣ ያለፈውን እኩል እንካፈላለን። ሲወጣልኝ እኔ እቀንሳለሁ፣ ሲወርድብኝ እሱ ይጨምራል። በደቂቃ ተስማማ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ምንዛሪው ከየት እንደሚወሰድና በየትኛው ቀን እንደሆነ ይጻፍ። እኔ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክን ነው የጻፍኩት። በሥራ ቀን በማዕከላዊ አውሮፓ ሰዓት ከቀኑ 10 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር 16:00) አካባቢ የማጣቀሻ ዋጋ ያወጣል፤ ያንቺ አገር ገንዘብ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ የራስሽን ማዕከላዊ ባንክ ጻፊ። "የገበያ ዋጋ" ብቻ ብለሽ ከተውሽው ሁለታችሁም የየራሳችሁን ገበያ ይዛችሁ ትጨቃጨቃላችሁ።

የ45 ቀኑ ነገር ደግሞ ያስቆጣኛል። ሠርተሽ ጨርሰሽ፣ ለእሱ አበድረሽ፣ የምንዛሪውንም ጉዳት አንቺ ትችያለሽ። 15 ቀን በይ። ቶሎ ለከፈለ 1 በመቶ ቅናሽ ብትሰጪ እንኳ አንዳንዴ ያዋጣል።


ሁለት ኪስ | ሐሙስ፣ ጠዋት 4:50

ዋጋውን ከመጀመሪያው በራስሽ አገር ገንዘብ ብትተምኚስ? ያኔ ራስ ምታቱ የእሱ ነው።


የሰነድ ተርጓሚ | ሐሙስ፣ ጠዋት 5:02

የሚቀበል ደንበኛ ካለ እሰየው። የኔ ሞክሬው ሸሸ። ደግሞ የአገርሽ ገንዘብ የሚወርድ ዓይነት ከሆነ አንቺው ትጎጃለሽ። ሌሊት ሠራተኛን ጠይቂው።


መስመር ሠሪዋ | ሐሙስ፣ ከሰዓት 8:30

አንድ ጓደኛዬ "ፎርዋርድ ውል ግቢ፣ ምንዛሪውን ዛሬ ትቆልፊዋለሽ" አለኝ። ምንድን ነው? ለእንደኔ ዓይነቱ ይሆናል?


ገበያ ታዛቢ | ሐሙስ፣ ማታ 1:10

ከባንክ ጋር "ከስድስት ወር በኋላ ይሄን ያህል ዶላር በዚህ ዋጋ እሸጥልሃለሁ" ብሎ መፈራረም ነው። ዋጋው ዛሬ ይወሰናል፣ ልውውጡ ያኔ ይሆናል። ላኪና አስመጪ ኩባንያዎች ዘወትር ይጠቀሙበታል።

ሰው የሚሳሳተው የፎርዋርዱን ዋጋ ትንቢት አድርጎ ሲያይ ነው። ትንቢት አይደለም፤ የወለድ ስሌት ነው። ዛሬ 100 ነው፣ የአገርሽ ወለድ 12 በመቶ፣ የዶላሩ 4 በመቶ ነው እንበል። የአንድ ዓመቱ ዋጋ በግምት 107.7 ይሆናል። 100ን በ1.12 አባዝተሽ ለ1.04 ስታካፍዪ የሚመጣው ነው። ዶላር ለሚሸጥ ሰው ደስ ይላል። የአገርሽ ወለድ ከዶላሩ ካነሰ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ከዛሬው ዋጋ ዝቅ ብሎ ነው የሚቆለፍልሽ።

ላንቺ ይሆናል ወይ? እኔ አልመክርም። ብዙ ባንኮች ለትንሽ ገንዘብ አይሠሩትም፤ የሚሠሩትም መያዣ ይጠይቃሉ። ዋናው ግን ሌላ ነው። ፎርዋርድ ግዴታ ነው። ደንበኛሽ በአራተኛው ወር ሥራውን ቢያቋርጥ፣ ባንኩ የተስማማሽበትን ዶላር አምጪ ማለቱ አይቀርም። የሌለሽን ዶላር ከገበያ ገዝተሽ ታስረክቢያለሽ። ገቢው እርግጠኛ ላልሆነ ሰው መከላከያው ራሱ አደጋ ይሆንበታል።


ቁጥር አይዋሽም | ሐሙስ፣ ማታ 1:35

ስለ ግብርም አንድ ነገር ልበል። በብዙ አገሮች ገቢው የሚመዘገበው በተገኘበት ቀን ምንዛሪ ነው፤ ገንዘቡ እስኪገባ ድረስ የተፈጠረው ልዩነት ለብቻው ትርፍ ወይም ኪሳራ ሆኖ ይታያል። የሒሳብ አያያዝ ደረጃውም፣ አይኤኤስ 21፣ እንደዚያ ነው የሚለው። የየአገሩ የግብር ሕግ ይለያያልና የአካባቢሽን ባለሙያ ጠይቂ። ለማንኛውም በየኢንቮይሱ ላይ የዕለቱን ምንዛሪ ጻፊበት። ሰኞ ማታ ያገላበጥሽውን ወረቀት ድጋሚ አታገላብጪም።

የውጭ ገንዘብ ሒሳብ መያዝ የሚገደብባቸው አገሮችም አሉ። "ያዢው" የምትሉ ሰዎች ይሄን አትርሱ።


ነፋስ አመጣሽ | ሐሙስ፣ ማታ 1:41

ለአንድ ጊዜ እንኳ ቁም ነገር ልጠይቅ። እኔ አምስት ደንበኛ አለኝ፣ ሁሉም በዶላር። አንዱን ወደ ዩሮ ላዙረው?


ገበያ ታዛቢ | ሐሙስ፣ ማታ 1:50

ደንበኛው አውሮፓ ከሆነና በዩሮ መክፈል የሚቀለው ከሆነ አዙረው። ዶላር ይወርዳል ብለህ ፈርተህ ከሆነ ግን ተወው። ያኔ ነጋዴ እንጂ ሠራተኛ አይደለህም።


መስመር ሠሪዋ | ከአምስት ሳምንት በኋላ

ክሩን ስላስነሣሁት ይቅርታ፤ ግን ውጤቱን ሳልነግራችሁ ብቀር ነውር ነው።

ባንኬን ጠየቅሁ፤ ትከሻቸውን ነቅንቀው መለሱኝ። የመሃል ዋጋውን ወደሚያሳይ አገልግሎት ዞርኩ። ኢንቮይሱ ግርጌ ላይ ያቺን መስመር ጨመርኩ፤ ደንበኛዬ ምንም ሳይል ሙሉውን 2,000 ላከ። የመክፈያ ጊዜውን 15 ቀን በለው ብዬ ስጠይቀው "20" አለ። ተስማማን።

ዶላሩ ከዚያ ወዲህም ወርዷል። ገንዘቡ የገባ ቀን የመሃል ዋጋው 94 ነበር። 150 ዶላሩን ለሶፍትዌር ኪራይ እንዳለ ተውኩት። 1,850ውን ከነወጪው በ93.4 መነዘርኩ፤ 172,790 ገባ። ያስቀረሁት 150ም በዚያው ዋጋ ቢታሰብ ድምሩ 186,800 ነው።

በ95.5 ጊዜ 181,300 ነበር የገባልኝ። በ94 ጊዜ 186,800! ሁለቴ ነው ያሰላሁት።

በ90 እየኖርኩ ነው። ከብዶኛል፣ አልዋሽም። ትርፏን ለብቻዋ አስቀመጥኳት። ምንዛሪውን አሁን የማየው ሰኞ ሰኞ ነው። (እሺ፣ ሐሙስም አየሁ።)


የሰነድ ተርጓሚ | ከአምስት ሳምንት በኋላ

ደስ አለኝ! አንቀጹንስ ጠየቅሽው?


መስመር ሠሪዋ | ከአምስት ሳምንት በኋላ

በመሃል ውሉን አልነካም አለ። እድሳቱ ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ያኔ ይዤው እሄዳለሁ። ያንተን አጻጻፍ በውስጥ መስመር ትልክልኛለህ? መነሻ ምንዛሪውን የት ላይ እንዳደረግኸው ማየት ፈልጌ ነው።


የሰነድ ተርጓሚ | ከአምስት ሳምንት በኋላ

ልኬልሻለሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው፣ ከፊርማው በላይ።